እማዬ ፍሬን የረገጠች ቀን

አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ስል ራሴን ታዘብኩት። ምን ላድርግ፣ ሌላ የደብዳቤ አጀማመር አላስተማርከኝም። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። የእማዬ ስኳር ልኩ ላይ ነው፤ ወንድሜ ሳምሶን አግብቷል፤ እኔ አሁንም ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ነኝ።

ትልቁን ወሬ ልንገርህ። የገርጂው ቤታችን ለልማት ተፈልጎ ሊፈርስ ነው። አትደንግጥ፣ የእኛ ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ከአጥራችን ማዶ የነበረው የከብት ማደሪያ እንኳ ዛሬ አሥር ፎቅ ሆኗል። እኛ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ደርሶናል፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዕቃው ሁሉ ተጓጉዞ የቀረችው ሰማያዊቷ ላዳህ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ከቆመችበት ንቅንቅ አልል አለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ሰሞን የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ሲመጡ መኪናዋ ግቢውን ይዛ ስለነበር ገፍተው ከጓሮው ግድግዳ ሥር አስጠጓት። ቦታው ቁልቁል ነው፣ ዝናብም ነበር፤ ለቀስተኛ ላይ እንዳትንሸራተት ብዬ የእጅ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ክረምት ላይ ማርሽ አስገብተሽ ጎማውን ድንጋይ አስደግፊ እንጂ በእጅ ፍሬን አታቁሚያት እያልክ ስንቴ ነግረኸኝ ነበር! በዚያ ቀን ግን ማን ምን ያስታውሳል? ከዚያ እማዬ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ማንም መኪናዋ ውስጥ የእሱ ወንበር ላይ አይቀመጥም አለች። ሙት ዓመቱ ወጣ፣ እሷ ግን ቃሏን አላነሳችም፣ እኛም አልደፈርናትም። ሁለት ክረምት ዘነበባት። የኋላ ጎማዎቿ የፍሬን ሸራ ከሚያቅፈው ክብ ብረት፣ ከታምቡሩ ጋር ዝጎ አንድ ሆነ።

ቤቱን ልናስረክብ አራት ቀን ሲቀረን ሳምሶን ቆራሌ ጠርቶ መጣ። ሰውዬው ጎማዋን በጫማው መታ መታ ሲያደርግ አንጀቴ ተቃጠለ። እማዬ ግን እንደፈለጋችሁ አለች። ካንተ ወዲህ መልሷ ሁሉ ይሄው ነው። መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን ስንላት እንደፈለጋችሁ፣ የትኛው ክፍል ትተኚያለሽ ስንላት እንደፈለጋችሁ። መኪናዋ ተቆራርጣ ብትወጣ የእማዬም ነገር በዚያው የሚያበቃ መሰለኝና ፈራሁ። እስከ እሑድ ታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ኦሎምፒያ ጋራዥ የነበረውን መካኒክህን ከድርን ፈልጌ አመጣሁት። ገና ሲያያት፣ ጋሼ ቢኖሩ ሁለታችንንም ይገርፉን ነበር አለ። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ፈታ፣ በክሪክ አነሳት፣ ጎማዎቹን አወለቀ። ታምቡሮቹን ነጭ ጋዝ አጠጥቶ አሳደራቸው። በማግሥቱ እንጨት አስደግፎ ዙሪያውን ቀስ እያለ በመዶሻ መታ፤ ብትቸኩይበት ይሰነጠቃል ይለኛል። ግማሽ ቀን ታገልን። ሲወልቅ ሸራው ተላጦ እዚያው ውስጥ ቀርቷል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ እሱ አዲስ ሸራ አስለጥፎ መጣ።

እሑድ የቀረን ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየሩን ማስወጣት ብቻ ነበር። ለዚህ አንድ ሰው ገብቶ ፍሬን መርገጥ አለበት። እኔ ከመኪናው ሥር ተጋድሜ ቱቦና ጠርሙስ ይዣለሁ፤ ከድር ቡሎኑን ይፈታል፤ ሳምሶን የለም። ከድር የእማዬን ሕግ በምን ያውቃል? እናቴ፣ እስቲ ገብተው ፍሬን ይርገጡልኝ ብሎ ጮኸ። ቆይቶ በሩ ተከፈተ፣ ወንበርህ ሲንሳጠጥ ሰማሁ።

ይርገጡ ሲላት ረገጠች፣ ይልቀቁ ሲላት ለቀቀች። አሥራ አምስት ጊዜ ያህል እንደረገጠች፣ አንተ ልጅ እግሬን ጨረስከው ብላ ተቆጣች። የእማዬን ቁጣ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ከሥር ሆኜ እንባዬ በጆሮዬ ወረደ። ትንሽ ቆይታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አሁን ፍሬኑ ጠነከረ አለች። ከድር አየ፤ እውነቷን ነበር፣ አየሩ ወጥቶ አልቋል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከድር ባመጣው ባትሪ አስነስቼ እማዬን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ሰሚት ነዳሁ። ፍሬኑ መልካም ነው፣ ትንሽ ወደ ግራ ይጎትታል እንጂ። ከኮንዶሚኒየሙ በታች ገና ያልተሠራበት ሜዳ ጋ ስንደርስ አቁሚ አለችኝ። ልታለቅስ ነው ብዬ መሐረብ ስፈልግ፣ አስተምሪኝ አለች።

ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለመስቀል አስተምርሻለሁ፣ ለፋሲካ አስተምርሻለሁ እያልክ ስትቀጥራት ኖረሃል። አባዬ፣ ልጅህን አስተምረህ ሚስትህን ማስተማር ምነው ከበደህ? መጀመሪያ ተናደድኩብህ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ በጣም ናፈቅከኝ።

ሦስት ቅዳሜ ተለማመድን። ማርሹን ታንገጫግጨዋለች፣ ሞተሩን ታጠፋዋለች፣ ጥፋቱን በእኔ ታሳብባለች። ሰኞ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ልትመዘገብ ነው፣ በስልሳ አንድ ዓመቷ። እኔን ስታስተምር የጮህክብኝ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እስክሞት አልረሳህም፣ ጩኸትህንም አልረሳም። እሷ ስትነዳ ግን እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ፤ ቃሌ ነው።

ልጅህ