የቦቢ አጥንት ደጅ አይደር

ብሌንዬ፣

ለንግሥ ቁልቢ መሄዴ ነው፤ መኪናው እየጠበቀኝ ነው።

የውሻሽን ጥሬ አጥንት በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጁ ውስጥ ከታች አስቀምጬዋለሁ። ከላይ ስታደርጊው ደሙ የጾም ወጤ ላይ ይንጠባጠባል። ገብርኤል ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ገና እያሰብኩበት ነው።

አትቀቅዪለት። የተቀቀለ አጥንት ይሰባበርና ጉሮሮ ይወጋል ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

ደግሞ ማታ ማታ ቦቢን ደጅ አስረሽ አጥንቱን አጠገቡ ትተይለታለሽ። ሐረር ከገባሽ ዓመት ሞላሽ። ለጅብ እንዲህ ያለ መስተንግዶ ማን ያደርግለታል? አጥንቱ ከነባለቤቱ፣ ያውም ታስሮ።

ትናንት ማታ ጅቡ ግቢ ድረስ ገብቶ ነበር። በዱላ ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ተኝተሽ ነበር።

ስለዚህ ቦቢን ክፍልሽ አስገብቼዋለሁ። አልጋሽ ላይ ሆኖ የትናንቱን አጥንት እየጋጠ ነው።

እቴነሽ