«ነበር» የምትለው ቃል

ሚያዝያ 23፣ ጠዋት
9ኛ ክፍል፣ ታሪክ። ከክርስትና በፊት የነበረ እምነት። ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ፦ «ሰዎች ዘንዶ፣ ዛፍና ምንጭ ያመልኩ ነበር»። ከእናቴ አገር ከገሳይ የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። የኔን እናት በግንቦት ልደታ ወይራውን ቅቤ ስትቀባ አይታታለች፤ ያም «ነበር» ነው ወይ አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሱ ባህል ነው፣ ዝም በይ አልኳት። ውሸቴን ነው፣ ደብተሬ። አፈርሁ።

ሚያዝያ 25፣ 11 ሰዓት
እማ ዳሌዋ ተሰብሮ እኔ ቤት ከተኛች ሦስት ወሯ። ዘንድሮ ለልደታ ገሳይ አንቺ ትሄጃለሽ አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ያን ታሪክ ደግሞ አመጣችው። ከኔ በፊት ሁለት ሞተውባታል። እኔን ለአድባሩ፣ ለዚያ ወይራ፣ ተስላ አገኘችኝ፤ ማስረሻ የተባልሁትም ለዚያ ነው። ብቀር የሚቀጨው የኔው ዕድሜ ነው ትላለች። 34 ዓመቴ ነው። ያውም የታሪክ መምህር! ግን ለግንቦት 1 ስንት ቀን እንደቀረ ቆጠርሁ።

ሚያዝያ 27
ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ እሱ ነው የከፋው። ቅቤውን ከነካሽ ቁርባን አታስቢ አሉኝ። ሁለት ዓመት ንስሐ የገባሁበት ቁርባን፣ ለጰራቅሊጦስ የተቀጠርሁበት። እማን እሺ ብል አባን አጣለሁ፣ አባን እሺ ብል እማን። የት ልግባ?

ሚያዝያ 29
እማን፣ በኔ ፈንታ ሰው ልላክ አልኳት። በስለት የተገኘ ራሱ ነው የሚሄድ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምሳ አልበላችም። እኔም እልህ ያዘኝ፣ አልለመንኋትም። ት/ቤት ደግሞ ያቺ ልጅ ታየኛለች። የትም ብዞር ያው ዛፍ። ቤቱ ጠበበኝ።

ሚያዝያ 30፣ ከሰዓት
በላች። ተመስገን። ዛፉን ስትቀቢ ምን ትያለሽ አልኳት። እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም። የሆነ ድግምት ጠብቄ ነበር፣ ከመጽሐፍ እንደለቃቀምሁት።
«ምንም አልል። ስምሽን ነው የምጠራ» አለች።
ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ።

ግንቦት 1፣ ጠዋት 12፡30
ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የገሳይ መኪና 1 ሰዓት ይነሳል። ለአባ ስመለስ ራሴ እናገራለሁ፤ ቁርባኑን ከከለከሉኝ ተከለከልሁ። ከብዶኛል፣ ደብተሬ፣ አልዋሽሽም። ትምህርት ስንገባ ያን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ደግሜ ጽፌ «ነበር»ን አጠፋለሁ፣ ልጅቱንም ክፍሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወይራው ሥር ግን የኔን ስም አልጠራም። እኔማ 34 ዓመት ተጠርቻለሁ። የእማን ስም ነው የምጠራ። ይኸው ከአልጋዋ ሆና ማስረሻ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ እያለች—