ፎቶ ስላመጣው ገመድ

ለክቡር የግዥ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? እርስዎ ደኅና ከሆኑ፣ በሦስተኛው ፎቅ ጫፍ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው የኤዲቲንግ ክፍል የምንገኝ ሠራተኞችዎ፣ ማለትም እኔ ብቻዬን፣ በእርስዎ ደኅንነት ተጽናንተን አለን። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከዓመት ፈቃድ ዝርዝሩ አጠገብ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በእጅዎ የሰጠኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ከመሳቢያዎ መውጫው ስለጠፋቸው፣ አራተኛው እንኳ ነፋስ ይንካው ብዬ ነው።

ለማያውቁ አንባቢዎች ጉዳዩ እንዲህ ነው። በዚህ የውኃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ለሠላሳ ዓመት ካሜራ የተሸከሙት፣ እኔንም ገመድ ከመጠቅለል ጀምረው ሙያ ያስተማሩኝ ጋሼ፣ ጡረታ ሲወጡ አርባ አንድ ትንንሽ ዲጂታል ካሴቶች በካርቶን አስረክበውኝ ሄዱ። አምና ሐኪም ዓይናቸው እየጠፋ እንደሆነና መመለሻ እንደሌለው ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨርሶ ሳይጨልምባቸው ሥራቸውን በአንድ ፊልም ተቀናብሮ ማየት። ካሴት ላይ ያለ ቪዲዮ ለመቀናበር መጀመሪያ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት አለበት፤ ለዚህም ካሴቶቹ ከተቀረጹበት አሮጌ ካሜራ የሚላከውን ቪዲዮ የሚቀበል፣ ፋየርዋየር የሚሉት መዳፍ የማይሞላ ካርድ ያስፈልጋል። የጠየቅሁዎት እሱን ነው።

አንደኛ፤ መዳፍ ለማይሞላ ካርድ አምስት አባላት ያሉት መራጭ ኮሚቴ ስላቋቋሙልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ካሜራውን አገላብጦ ሁለት መሰኪያ አገኘበት፤ አንዱ እኔ የጠየቅሁት ትንሹ፣ ሌላው በየሱቁ የሚሸጠው ገመድ የሚገባበት። በአብላጫ ድምፅ ሁለተኛው ተመረጠ፤ ገመዱ ተገዛ፤ ገጠመም። በዚያ በኩል የሚወጣው ካሜራው ያነሣው ፎቶ እንጂ የካሴቱ ቪዲዮ እንዳልሆነ ብወተውትም፣ ሰብሳቢው በራሳቸው እጅ አንድ ፎቶ አንሥተው ወደ ኮምፒውተሩ ካሳለፉ በኋላ፣ ፎቶ ያለፈበት መንገድ ለቪዲዮ አይጠብም ብለው ለአምስት ተፈራረሙ። ፎቶው ላይ የሚታየው ሌንሱን የጋረደው የሰብሳቢው አውራ ጣት ነበር። ቢሆንም ጥራቱ ተመስግኗል።

ሁለተኛ፤ ገመዱ አንዲት ደቂቃ ቪዲዮ እንዳላመጣ ባመለከትሁ በሁለተኛው ወር፣ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ በደብዳቤ ታጅቦ ደረሰኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። የጋሼን ካሴት እዚያ ውስጥ ለማስገባት መጋዝ ያስፈልገኝ ስለነበረ፣ ለመጋዙ ደግሞ ሌላ ኮሚቴ እንዳላስቸግር ብዬ ተውሁት።

ሦስተኛ፤ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመግባት አንድ ሰዓት እንደሚፈጅ ሲሰሙ ይህ የመንግሥት ሰዓት ማባከን ነው በማለት፣ የካሜራው ወደፊት ማሳለፊያ ቁልፍ ተጭኖ በፍጥነት እንዲገባ በጽሑፍ ላዘዙኝ መመሪያ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ጋሼ ዝናብ ላይ ሙሉ ቀን ቆመው የቧንቧ መቀበር ሲቀርጹ እርስዎ ገና ስላልተሾሙ እሳቸው እድለኛ ነበሩ እላለሁ።

አራተኛውን የምጽፈው በንዴት ነው። ከግድግዳዬ ወዲያ ባለው ክፍል፣ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ሁላችን ሳቂታው የምንለው ባልደረባ አለ። ለእሱ ሳይለምን፣ ሳያመለክት፣ አዲስ ኮምፒውተር ተሰጠው፤ ጀርባው ላይ ያ ካርድ ተገጥሞለት። መስኮት አለው። የሚሽከረከር ወንበር አለው። የሚሠራው በስልክ የተቀረጸ የኃላፊዎች የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ስለሆነ ካርዱ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር፤ አቧራ እንዳይገባበት ብሎ መሰኪያው ላይ የሚስቅ ፊት ያለበት ተለጣፊ ለጥፎበታል። እኔ ዓመት ሙሉ ላም አለኝ በሰማይ ስል የኖርሁበትን ነገር እሱ በተለጣፊ ደፈነው። ክቡር ሆይ፣ ቀንቻለሁ። በምሳ ሰዓት ማንም ሳይኖር ገብቼ ያንን መሰኪያ በጣቴ ነክቼ የወጣሁበት ቀን አለ። ወንበሩ ላይም ተቀምጫለሁ፤ አንድ ጊዜ ዞሬበታለሁ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ለእኔም ለእርስዎም ይሻል ነበር። ሆኖም ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ ያለ ብቅልም የሚወጣ አለ።

ከሁለት ወር በፊት ጋሼ በልጃቸው እጅ እየተመሩ መጡ። የእኔ ክፍል ሁለት ሰው ስለማታስቀምጥ ሳቂታው ዘንድ ተቀመጡ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የኔ ልጅ ብለው ሲጠሩት ሰማሁ። እኔን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንቺ ከማለት በቀር ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም፤ በጣም ደስ ሲላቸው አንቺ ጎበዝ ይሉኝ ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ ያ መሰኪያ ለምን እንደሚሆን ከእሳቸው የሰማው ሳቂታው በሬን አንኳክቶ፣ እህቴ፣ ካሴቶቹን ወደ እኔ ክፍል ብንወስዳቸውና እዚያ ብናስገባቸውስ አለኝ። መልሴ አጭር ነበር፤ የኤዲቲንግ ሥራ በኤዲቲንግ ክፍል ይሠራል፣ ኮሚቴውም በቅርቡ ይወስናል አልሁት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ምን ያህል እንደጠቀሙኝ ይወቁልኝ። የእርስዎ መዘግየት ባይኖር ኖሮ ቅናቴን የምደብቅበት አልነበረኝም። እኔ ፊርማዎን ስጠብቅ፣ ይልቁንም የምጠብቅ ስመስል፣ ካርቶኑ ጠረጴዛዬ ሥር ሁለት ወር ተቀመጠ። ባለፈው ማክሰኞ ልጃቸው ደውላ፣ ጋሼ የግድግዳ ሰዓት ማንበብ እንዳቃታቸው፣ አሁን የነገር ጠርዝ ጠርዙን ብቻ እንደሚያዩ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ አለቀስሁ።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ጎረቤት ሄድሁ። ሳቂታው ተለጣፊውን በጥፍሩ ልጦ አነሣ፤ ካሜራውን ሰካሁ፤ ገና በመጀመሪያው ሙከራ ቪዲዮው መግባት ጀመረ። ወንበሩንም ለቀቀልኝ፤ እንዴት የሚያናድድ ደግነት ነው! አሁን ጋሼን ሊያመጣ ሄዷል፤ የገባውን ያህል፣ ሳይቀናበርም ቢሆን፣ እንዲያዩት።

በመሆኑም የካርዱን ጥያቄ መተዌን እየገለጽሁ፣ ኮሚቴዎ በረዥም ዕድሜ እንዲቆይ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅብዎ እየተመኘሁ፣ በገዙልኝ ገመድ ካርቶኑን አስሬ የተጠቀምሁት፣ ትእዛዝዎን ሁሉ በክብር ያስቀመጥሁት

ታዛዥዎ፣
የሦስተኛ ፎቅ ኤዲተር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከጨረስሁ በኋላ ጋሼ መጥተው፣ አፍንጫቸው የኮምፒውተሩን መስተዋት እስኪነካ ተጠግተው የመጀመሪያውን ካሴት አዩ። ከአዲሱ ቧንቧ ውኃው ፈንድቶ ሰፈሩ በሙሉ በሚያጨበጭብበት ቦታ ላይ ወደ እኔ ዞረው፣ ውኃው መጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መጥቷል አልኋቸው። ውኃው መምጣቱን እኔና እርስዎ በፊርማ እንድናረጋግጥ ከዚህ በታች ቦታ ትቻለሁ፤ እኔ ፈርሜያለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ነው።