የሞርሌው ምድብ

ኔቬር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ቀኝ እጅህስ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀመረ ወይስ እንደዚያው ነው? ፖስታህ ሲደርሰኝ አድራሻውን የጻፈው ሕፃን ልጅ መስሎኝ ነበር። በግራ እጅህ እንደጻፍከው የገባኝ ከፍቼ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ነው። የሚስትህን ማረፍ የሰማሁት ዘግይቼ፣ ያውም ከሰው አፍ ነው። ነፍሷን ይማር፤ አንተንም ያጽናህ። ያኔውኑ መጻፍ ነበረብኝ፤ ሳልጽፍ ቀረሁ፣ ይቅር በለኝ።

እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ስልህ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ራሴን መለመን ይኖርብኛል፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። የምሠራው አሁንም እዚያው አንተ በምታውቀው ማሠልጠኛ፣ እዚያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሆኑ የሚላኩልንን ልጆች እቀበላለሁ፣ አስፈትናለሁ፣ ደረጃ አወጣለሁ፣ ከዚያ በመላ አገሪቱ እበትናቸዋለሁ። ስማቸውን በደንብ የምይዘው የሚሄዱ ሰሞን ነው። ወዲያው ደግሞ ሌሎቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ደክሞኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አንተ ሩቅ ስለሆንክ ይሆናል የምነግርህ።

ከሠላሳ አራት ዓመት ዝምታ በኋላ የጻፍክልኝ ናፍቀኸኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጻፍከው ስለ ልጅህ ስለ ክሎቲልድ ነው። ሞርሌ፣ አንተው ዘንድ እንድትመደብ ተስማምታችሁ እንደነበር፣ ደረጃዋ ዝቅ ብሎ ቦታውን ከፊቷ የነበረ ሰው እንደወሰደባት፣ ከውጤቷ በስተጀርባ አንድ ነገር እንዳለ፣ አንተ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት ልትል እንደሆነ ጽፈህልኛል። «አንቺ ውስጥ አዋቂ ነሽ፣ እስኪ መዝገቡን እይልኝ» ብለሃል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሸሚዜን የሚቆልፍልኝ ሰው የለም ብለሃል። አንተ እንደዚህ ብለህ ትጽፋለህ ብዬ በሕልሜም አላስብም ነበር። ያቺን መስመር ካነበብኩ በኋላ ያን ቀን ምንም ሥራ አልሠራሁም።

መዝገቡን ማየት አያስፈልገኝም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱን ልንገርህ።

የፈተና ወረቀቱ እንደ ድሮው ነው፤ ጥጉ ታጥፎ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ይመጣል። እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት አራሚ ያየዋል። ዘንድሮ አንዱ አራሚ ታሞ ቀረና ሠላሳ ወረቀት እኔ ላይ ወደቀ። ከማረሜ በፊት «ከተፈታኞቹ መካከል ዘመድ አለኝ፣ የለኝም» የሚል ቅጽ ፈርሜያለሁ። የለኝም አልኩ፤ ውሸትም አልነበረም። አሥራ ሰባተኛውን ወረቀት ስገልጥ ግን ያንተ እጅ ጽሕፈት ነው፤ የልጅህ ወረቀት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ያው ወደ ግራ የተጋደመው፣ ያው መስመሩ መጨረሻ ላይ ሰው እያባረረው እንዳለ ሁሉ የሚጣደፈው። ወረቀቱ ጥሩ ነበር፤ ከሃያ አሥራ አምስት የሚገባው ነው። አሥራ ሁለት ሰጠሁት።

ያን ቀን ራሴን ያሳመንኩት እንዳላዳላ ስለፈራሁ ነው ብዬ ነው። ማን እንደሆነች አውቄያለሁና መጠንቀቅ አለብኝ፣ ጠበቅ ማድረግ አለብኝ አልኩ። ይህን ዓይነት ጅል ጥንቃቄ ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲያርም የኖረ ሰው ብቻ ነው የሚጠነቀቀው። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን አወቅሁት። ቅጣቱ ለልጅቷ አልነበረም። ሦስቱን ነጥብ የቆረጥኩት ባንተ ላይ ነበር። በማግስቱ ላስተካክለው አስቤ ነበር፤ ወረቀቶቹ ግን ከቢሮዬ ወጥተዋል፤ እኔም ተከትያቸው አልሮጥኩም። ዘጠነኛ የምትወጣው ልጅ ሠላሳ አንደኛ ወጣች።

አሁን ወደ ምርጫው ቀን ልምጣ። በኛ ጊዜ አንድ በአንድ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ እየገባን ነበር የምንመርጠው፤ ዛሬ በአዳራሽ ነው። አርባ አራቱ ምድብ ቦታዎች ሰሌዳው ላይ ተጽፈው ይሰቀላሉ፤ ሠልጣኞቹ በደረጃቸው ይጠራሉ፤ የተጠራው ይነሳና የሚፈልገውን ቦታ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እኔ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ። ዘንድሮ እንግዶችም ነበሩን። ከሌሎች አገሮች ከእኛ መሰል ማሠልጠኛዎች አሠራራችንን ሊያዩ የመጡ፣ አንድ ጀርመናዊ ዶክተር፣ አንድ ስፔናዊ፣ አንዲት ፒርዮ የምትባል ፊንላንዳዊት። ከሰሌዳው አጠገብ ነው ያስቀመጥናቸው።

ጀርመናዊው ገና ሳንጀምር ግር አለው። የእኛ ልጆች እኮ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆኑ አውቀው ነው ትምህርት የሚጀምሩት፣ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምንድን ነው አለኝ። ስፔናዊው ደግሞ ሳቀበትና፣ እናንተ ምን አለባችሁ፣ የእኛዎቹ እኮ አራት አምስት ዓመት ቤታቸው ተዘግተው ሕግ ሲሸመድዱ ከርመው ነው ፈታኞች ፊት የሚያነበንቡት፣ ሲያልፉ የት ተመደብኩ ብሎ የሚጠይቅ አቅም እንኳ አይተርፋቸውም አለው። ፒርዮ ደግሞ፣ በእኛ አገር ክፍት ቦታ ይወጣል፣ የፈለገ ያመለክታል፣ አለቀ አለች። ቀለል አድርጋ ስትናገረው ቀናሁባት።

ከዚያ ተጀመረ። አንደኛው ፓሪስ አለ፣ ሁለተኛዋ ፓሪስ፣ ሦስተኛው ሊዮን። እኔ እሰርዛለሁ። ዓይኔ ግን አንድ መስመር ላይ ነበር፤ ልጅህ ወደ አንተ መመለስ ትፈልጋለች ብዬ ነው፤ ሞርሌ፣ አንድ ቦታ ብቻ፣ የአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። እግዜር ይወቀው፣ እያንዳንዱ ሰው በተነሳ ቁጥር «ሞርሌን እንዳትል» እል ነበር በልቤ። አሥራ ሁለተኛው «የባሕር ዳርቻው…» ብሎ ሲጀምር ሞርሌን ሊል መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ላ ሮሼል ነው ያለው። ሃያ ላይ ደረስን፣ ሞርሌ አልተወሰደም። ሃያ አምስት፣ አሁንም አልተወሰደም። የሞርሌን ዝናብ የሚወድ ሰው ጠፋ መሰለኝ። ሠላሳኛው ተነሳና ሊሞዥ ሲል ደስታዬን አትጠይቀኝ፤ ያጠፋሁት ጥፋት ጉዳት ሳያደርስ ሊያልፍልኝ ነው አልኩ። ክሎቲልድ ተጠራች።

ተነሳች። ቁመቷ ያንተ ነው። ሰሌዳውን አየች፤ ሞርሌ የሚለው ትይዩዋ ነው፣ ሳይነካ ተቀምጧል። ከዚያ ወለሉን አየችና «ቤልፎር» አለች።

አልሰማሁም ብዬ አስደገምኳት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ በአገሪቱ ሌላ ጫፍ ያለችውን ቤልፎርን ማንም ሠላሳ አንደኛ ላይ አይመርጥማ። «ቤልፎር፣ እመቤቴ፣ ተሳስቼ አይደለም» አለችኝ። ሰረዝኩት። ፒርዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ይቺ ልጅ የምትፈልገውን ቦታ ነው የመረጠችው ወይስ የምትሸሸውን አለችኝ። ቀጣዩን ጠራሁ።

ሞርሌ የቀረው ለመጨረሻዋ ነው፣ ለአርባ አራተኛዋ፣ ለማርሊዝ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኛ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ፖስታ አዳይ ነበረች። እኔ አልመርጥም፣ መንግሥት ነው የመረጠልኝ ብላ አዳራሹን አሳቀችውና ሄደች። በነሐሴ እናንተ ከተማ ትገባለች። ሁለት ውሻ አላት፤ ድምጿ ትልቅ ነው፤ ሰው ግን ናት።

ከምሳ በኋላ ክሎቲልድን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጠየቅኋት። እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል ልጻፍልህ። «እናቴን ሦስት ዓመት አስታምሜያታለሁ። ያኔ አባባ ሁልጊዜ ስብሰባ ነበረው። አልጠላውም እኮ፣ እንዲያውም እወደዋለሁ፣ ግን አሁን ሞርሌ ከገባሁ አልወጣም። ዓይኑን እያየሁ እምቢ ማለት ደግሞ አልችልም። ደረጃዬ አልደረሰም እለዋለሁ። እርስዎም ከጠየቀዎት እባክዎ እንደዚያው ይበሉልኝ።» እሺም እምቢም አላልኳት። ጸጉሯን ነካ አድርጌያት ወደ ቢሮዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ፤ አለቀስኩም። ለማናችሁ እንዳለቀስኩ አትጠይቀኝ።

ክፉ ሆኜ እንዳልመስልህ። ደብዳቤህን ሳላገኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ይዤው እቀር ነበር። ግን አንተ አቤት ብትል ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ያስመጣል፤ ማን በስንተኛው ተራ ምን እንደመረጠ አንድ በአንድ የተጻፈበትን። ግልባጩ ላንተም ይደርስሃል። የጠበቃ ማኅተም ካረፈበት ወረቀት ላይ ከምታነበው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። እሷም ፍርድ ቤት ቆማ የአባቷን ፊት ከምታይ ይሄ ይሻላታል።

የሦስቱን ነጥብ ነገር ደግሞ አንተ አቤት አልክም አላልክም ሰኞ ለዲሬክተራችን እነግረዋለሁ። እኔ ባደረግሁት ሃያ ሁለት ሰው ያልሆነ ደረጃ ይዟል፤ ማን ምን እንዳጣ እግዜር ነው የሚያውቀው። ቤት ውስጥ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይቅር የሚለው ነገር አይደለም። ምናልባት ጡረታዬን ሳልጠብቅ ያሰናብቱኝ ይሆናል። ቢያሰናብቱኝ እተኛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የኛን የምርጫ ቀን ታስታውሳለህ? ካምፔር ሁለት ቦታ ነበረው፤ አንዱን አንተ፣ አንዱን እኔ ልንወስድ፣ ቤት እንኳ በጋዜጣ ማስታወቂያ መርጠን ነበር። አንተ ሦስተኛ ነበርክ፣ እኔ አሥራ አንደኛ። ከዲሬክተሩ ቢሮ ስትወጣ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ካምፔር ሁለቱም ተወስዷል፣ ምን ላድርግ፣ ፓሪስ አልኩ አልከኝ። አቅፈኸኝ፣ ባቡር እንዳያመልጥህ ብለህ ተራዬ ሳይደርስ ሄድክ። ሰባት ሰው ቆጥሬ ገባሁ። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ካምፔር ሁለቱም መስመር አልተሰረዘም። ብቻዬን ካምፔር ምን ልሠራ እሄዳለሁ ብዬ የዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ቦታ አልኩ፤ ይህ ማሠልጠኛ ነበር።

በማግስቱ ከፓሪስ ደወልክልኝ። አየሽ አይደል፣ ሁለቱም ተወስዶ ነበር አልከኝ። አዎ፣ አየሁ አልኩህ።

እሁድ ክሎቲልድ ስትደውልልህ፣ እንደገና ደረጃዬ አልደረሰም አባባ ስትልህ፣ እባክህ እኔ ያኔ እንዳልኩህ አንተም በላት።

እግዚአብሔር እጅህን ይመልስልህ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ልጅህን በሄደችበት ይጠብቅልህ። ማርሊዝ ስትመጣ በርህን ክፈትላት፤ ሸሚዝ መቆለፍ የማታውቅ አትመስለኝም።

የድሮ ወዳጅህ