ያልተቆጠሩት የጳጉሜን ቀናት

ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ ለሔኖክ፣ ብንኮራረፍም ከልቤ ላልወጣኸው፦

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው። ስልክህ ከእሑድ ጀምሮ አይሠራም፤ እዚያ ኔትወርክ ጠፍቷል አሉኝ። ስለዚህ ይህን ለሾፌሩ ለመገርሳ እሰጠዋለሁ። ነገ ጠዋት ለምትሠሩት ድልድይ ብረት ጭኖ ከለገሃር ይነሳል፣ ቅዳሜ ይደርስልሃል። ሳትጨርሰው እንዳታስቀምጠው። ጠቡ ይቆየን።

ካምፑን ከደረቁ ወንዝ ዳር ይህ እንደደረሰህ አንሳ።

ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ "ውሃው ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም" ያልኩህም እኔ። ስሌቱ የቆመው ተራራው ላይ ዝናብ የሚለኩት አቶ ነገሪ በአሥራ ስምንት ዓመት በጻፉት መዝገብ ላይ ነው። ሰውየው የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። እኔ ግን ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዡን ስሠራ አሥራ ሁለት ዓምድ ብቻ አበጀሁ። የጳጉሜን ቀናት ከየዓመቱ መዝገብ ጀርባ በብጣሽ ወረቀት ተያይዘው ነበር። በኋላ አስገባቸዋለሁ ብዬ ተውኳቸው። በደረቅ አገር አምስት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ናቅኳቸው፣ ከዚያም ረሳኋቸው።

ማክሰኞ መዝገቡን ልመልስ ሳገላብጥ ብጣሹን አየሁት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ጳጉሜን ሦስት፣ በአንድ ከሰዓት ዘጠና ስድስት ሚሊ ሜትር ዘንቧል። እኔ ትልቁ ብዬ የያዝኩት አርባ አንድ ነበር። ያ ተራራ ራቁቱን የቀረ ድንጋይ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፤ ዝናቡ እጥፍ ሲሆን ጎርፉ ከእጥፍም ያልፋል። እንደገና ሳሰላው ከአራት ሜትር በላይ ወጣ። ድንኳናችሁ ከወንዙ ወለል ሁለት ሜትር ብቻ ነው ከፍ የሚለው። አምስት ጊዜ አሰላሁት።

ለአለቃዬ ለአቶ ገብረክርስቶስ ነገርኳቸው። "ልደት፣ ሪፖርቱ እኮ ወጥቷል። በቃ፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ እናየዋለን፤ አሁን ሰው አታስደንግጪ" አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ ፈራሁና ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ሩፋኤል ነው። ሠራተኞችህን አውቃቸዋለሁ። በዚያ ቀን አሸዋው ላይ ቀጭን ውሃ ሲወርድ ካዩ፣ ጠበል ነው ብለው ልብሳቸውን ጥለው ይገባሉ፤ አንተም ትገባለህ። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይሆናል፤ የሚዘንበው ላይ ተራራው ላይ ነው። ያ ቀጭን ውሃ የጎርፉ መጀመሪያ ነው፤ ከኋላው የሚመጣው ለመሮጥም ጊዜ አይሰጥም። እባክህ፣ አንድም ሰው አሸዋው ላይ እንዳይወርድ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሁሉም "ሚስቴ ተሳስታለች" ብለህ ንገራቸው፤ አላፍርም። አፍራለሁ፣ ግን ንገራቸው።

የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ የገባሁበትን ይህን ቤት ገና አልለመድኩትም። ባለፈው ጓደኛህን ማሙሽን ሜክሲኮ አደባባይ አገኘሁት። ስትሄድ "ልደት ያሰላችው ከሆነ እዚያው ወንዙ ዳር እተኛለሁ" ብለኸው እንደነበር ነገረኝ። ሦስት ወር ሙሉ ሳታናግረኝ እንዲህ ታምነኛለህ? እሱን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሩፋኤል ከክፉ ይሰውርህ፤ ዘመኑ ሲለወጥ በአንድ ገበታ ያገናኘን። ምናልባት ጠብታም ሳይወርድ ቀርቶ ካምፑ ሁሉ ይስቅብኝ ይሆናል። አንተም ሳቅብኝ። ብቻ ከወንዙ ርቀህ፣ ከፍታው ላይ ሆነህ ሳቅ።

ባለቤትህ
ልደት