በወንድሜ ስም የተጠራው ጫማ ሰፊ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሠላሳ ስድስት የፈተና ወረቀት ተቆልሏል፤ አንዱንም አላረምኩም። እማዬን አጠብኩ፣ አበላሁ፣ ልብሷን ቀየርኩ... እንደገና ቀየርኩ። ዛሬም “ወንድምሽ የት ቀረ?” አለችኝ። ሞቷል አልኳት፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ልክ እንደ አዲስ ደረቷን መታች። ለምን ነገርኳት? መዋሸት ኃጢአት ነው ብዬ? ጸሎት ከተውኩ ስንት ወር ሆነኝ፤ ኃጢአት መቁጠሩን ግን አልተውኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

በሩን ከውጭ ቆልፌባት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምን ላድርግ? እህቴ ከሩቅ አገር ደውላ “አይዞሽ” ትለኛለች። “አይዞሽ” እማዬን አያጥብም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

መቆለፉን ረሳሁ። ስመለስ ቤቱ ባዶ... ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እንጃ።

ከሕንፃችን መግቢያ አጠገብ የሚሠራው ጫማ ሰፊ በርጩማውን ለቆላት እሱ መሬት ተቀምጧል። እማዬ እጁን ይዛ ሥራ አስፈትታዋለች። በወንድሜ ስም ጠራችው።

“አቤት፣ እማዬ።”

“ምነው ከሳህብኝ?”

“ሥራ በዝቶብኝ ነው። አሁን እበላለሁ።”

ሳቀች። እማዬ ሳቀች! እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ከዚህ ሰው ጋር ከእግዜር ሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። “አስቸገረችህ” አልኩት።

“ኧረ መምህርት! ሰው ሲጠራ ዝም ይባላል እንዴ? ይልቅ አይቆልፉባት። ጠዋት ጠዋት ያውርዷት፤ እኔ እንደሆን የትም አልሄድ።”

መቆለፌን ያውቃል ለካ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ... “ምን ላድርግልህ?” ስለው እግሬን አየ። “መጀመሪያ ያን ጫማ ያውልቁት፤ ሶሉ አልቋል።”

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠዋት እማዬን ጫማ ሰፊው ጋ አውርጃት ሄድኩ። ከክፍል ስወጣ አልሮጥኩም። ስንት ጊዜዬ ነው ቀስ ብዬ ከሄድኩ? ወረቀቶቹንም ጨረስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

እማዬን ልወስዳት ስወርድ አንድ ደንበኛ ይጮሃል። “ለጃጀች አሮጊት ወንበር ሰጥተህ እኔን ታቆመኛለህ?”

ጫማ ሰፊው ቀና እንኳ አላለም። “እናቴ ናት” አለ። “ቸኩለህ ከሆነ ሌላ ጋ ሂድ።”

ሰውዬው ሄደ። ገበያው ሄደ ማለት ነው... ለእኛ ሲል? ምናችን ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ፀጉሯን ሳበጥርላት ዞር ብላ አየችኝ። “አንቺ ደግሞ ማነሽ?”

ድሮ ቢሆን “ልጅሽ ነኝ!” ብዬ እጮህባት ነበር። “ጎረቤት ነኝ” አልኳት።

“ተባረኪ። እኔም እኮ ሴት ልጅ አለችኝ።”

“ደኅና ናት?”

“ደክሟታል። አትነግረኝም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። እስቲ ጸልዪላት።”

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ቃሉ ጠፋብኝ... እሷ ጀመረችልኝ። የራሷን ልጅ ስም እየጠራች፣ እኔ እየተከተልኳት፣ ስለ እኔ ጸለይን።

“ይሰማል እሱ” አለችኝ፣ ፊቴን በሻሿ እየጠረገች።

አመንኳት።