የደሴቱ ጉጉትና የማሳው መጭ

መስከረም ፲፱፤ ማለዳ። ደብረ ታቦር።
በቅሎ ስጭን ከጣና መልእክተኛ ደረሰ። በደሴቱ ገዳም ያስቀመጥኩትን ዕቃ አይጥ እየበላው ነው አለ። ወታደር እንዳይዘርፈኝ ብዬ የዓመት ድካሜን፣ ሸማውንም ሰሙንም፣ ሁሉንም እዚያ ነው ያከማቸሁት። ሚስቴ ስንቄን ቋጠረች። እሄዳለሁ።

መስከረም ፳፩፤ ከቀትር በኋላ። ደሴቱ።
ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ከሽታው የተነሣ አፍንጫዬን በነጠላ ያዝኩ። ሸማው ወንፊት ሆኗል። እጥፋቱ ውስጥ ቀያይ፣ ጠጉር የለሽ የአይጥ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። ሰሙ ተቆርጥሟል። እጄን ብታጠብ ብታጠብ ይሸተኛል።
መጋቢውን አባ ገ.ን ጠየቅኋቸው። ድሮ አይጡን የሚጨርስ ጉጉት ገደሉ ላይ ነበር አሉኝ፤ ትንሽ፣ ቀላ ያለ፣ ሌላ አገር አይቼው የማላውቅ። አምና አበምኔቱ ሲያርፉ ጣራ ላይ ጮኸ ተባለ። ሞት ጠራ ብለው መነኮሳቱ ጎጆውን አቃጠሉ፤ በድንጋይ ጨረሱት። አንድም አልተረፈ።
ድመት ላምጣ አልኩ። ወንድ ብቻ፣ ሴት ፍጥረት እዚህ አትገባም አሉ። ወንዱ ብቻውን ደግሞ አይራባ።
«አይጧስ አባቴ?»
«እሷማ ሳታስፈቅድ ገባች፣ ልጄ።» ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

መስከረም ፳፪። ጣራ ገዳም ግርጌ።
የተረፈውን ዕቃ በታንኳ አውጥቼ ጫንኩ። ማሳው ሁሉ መጭ ነው፤ ያ ቢጫ አበባ ያለው አረም። ገበሬ ይነቅለዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ይረግመዋል። ለከርሞ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ዘሩ በጤፉ፣ በከብቱ ኮቴ፣ በእኔም ስልቻ ይጓዛል። ጉጉቱን ግን የጥቂት ቀን ድንጋይ ጨረሰው። የሚሸሽበት ሌላ ገደል አልነበረውም። ጠላታችን በየሜዳው ይፈካል፤ የጠቀመንን እኛው ገደልን። ሰው አስጠላኝ።
ደግሞ እኔ ብልህ ነኝ ባይ! ሀብቴን ሁሉ አንድ ደሴት ላይ።

መስከረም ፳፬። ደብረ ታቦር።
ሚስቴ ሸማውን ዘርግታ ጣቷን በቀዳዳው አሳለፈች። «ለማን ሊሸጡት ነው? ለአይጥ ሠርግ?»
ቆረጥኩ፤ ዕቃዬን እከፋፍላለሁ። ከፊሉ ገሳይ መንደር፣ አማቴ ዘንድ። ከፊሉ ጣራ ገዳም። ከፊሉ እዚሁ ጉድጓድ። ወታደር ቢያገኝ አንዱን ነው።

መስከረም ፳፮፤ ጧት።
ከአባ ገ. ሌላ መልእክተኛ። ጉጉት ገዝተህ ላክልን፣ የጠየቅከውን እንከፍላለን ይላሉ። ሰደብኩት፤ ከዚያ ጠላ አስቀዳሁለት፤ ምን ያድርግ። የእኛ አገር ጉጉት ትልቅ ነው፣ ግራጫ ነው፣ ሌላ ነው። እንዲህ በልልኝ አልኩት፦ ጨው ከታች አገር፣ ሰም ከማዶ አመጣለሁ። ያንን የገደላችሁትን ጉጉት ግን የሚሸጥ ገበያ የለም።